ለጋ ውሻና ከፍ ያለ አጣና

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ውሻ ማሠልጠን ነው። ስለ ልጅሽ ጾም ጠይቀሽኝ እኔ ስለ ውሻ ሳወራሽ አትቀየሚኝ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ግን ማንም ሳያስገድዳት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ትላለች። ለእግዜር ብላ የምታደርገውን እንዴት ልከልክላት?» ነው ያልሽኝ። እንግዲህ ስሚኝ።

ሰውየው ከከተማው ዳር በሽቦ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነበረው። ሰዎች ውሾቻቸውን ያመጡለታል። ከፍ ብሎ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ያስኬዳቸዋል፤ ከወዲህም ከወዲያም ክፍት በሆነ በርሜል ውስጥ ያሾልካቸዋል፤ በመጨረሻም በሁለት ቋሚ እንጨቶች መካከል የተሰቀለ አጣና ያዘልላቸዋል። እጁን ሽቅብ ሲያነሣ ዝለል ማለት ነው። ደህና አድርጎ ለዘለለ ውሻ ከኪሱ የተቀቀለ ሳንባ ይቆርስለታል፤ «ጎሽ!» ብሎም ራሱን ይዳብሰዋል።

የማይጥሰው አንድ ሕግ ነበረው። ለጋ ውሻ የመጣለት እንደሆነ አጣናው መሬት ላይ ይተኛል። ውሻው እየተራመደ ብቻ ያልፈዋል፤ ዛሬም እንደዚያው፣ ነገም እንደዚያው፣ አጥንቱ እስኪጠና ድረስ። ባለቤቶቹ ይሰለቻሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ ውሻ መቼ ሊዘል ነው?» ይሉታል።

«ከቸኮላችሁ ፍየል ግዙ፤ እሷ ሳትማርም ትዘላለች» ይላቸዋል።

ይስቁና ይተዉታል። በዚህ ሕጉ ስንት ውሻ አሳደገ፤ አንድም አላነከሰበትም።

በኋላ የራሱን ቡችላ አገኘ። ጠጉሩን አይቶ ቡላ አለው። ሰውየው ልጅ አልነበረውምና ይህ ቡችላ እንደ ልጅ ሆነበት። ቡላ በገመድ ታስሮ ትልልቆቹ ውሾች ሲዘሉ ያያል። ጌታው ሌላውን ውሻ «ጎሽ!» ብሎ የዳበሰ እንደሆነ ያላዝናል፣ መሬት ይቧጥጣል፣ ገመዱን ይነክሳል። አንድ ቀን ገመዱ ተበጠሰለትና ሮጦ የትልልቆቹን አጣና ዘለለው። ጫፉን እንኳ ሳይነካው!

በአጥሩ በኩል ሲያይ የነበረ አንድ ሥጋ ሻጭ «እሰይ! ይኼማ ክንፍ አለው!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ያን ጊዜ ቡችላውን መልሶ ማሰር ነበረበት። እሱ ግን «ጎሽ የኔ አንበሳ!» ብሎ አቀፈው።

ከዚያ ወዲያ ለቡላ አጣናው መሬት ነክቶ አያውቅም። ትንሽ ከፍ ይላል፤ ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል። ሚስቱ ይኼን አይታ ዝም አላለችም።

«አንተ ሰው፣ ለሰው ውሻ የምትሰጠውን ጊዜ ለራስህ ውሻ ነፈግኸው? አጥንቱ እኮ ገና ለጋ ነው።»

«እኔ መቼ አስገደድኩት? ራሱ ነው የሚፈልገው።»

«ሕፃንም እሳት ይፈልጋል!» አለችውና ጥላው ገባች።

ቡላ ጠዋት ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ለማሳረፍ ይሳሳ ነበር። እሷ አይታለች። እሱም አይቷል፤ «ብርድ ነው» ብሎ አለፈው።

አንድ እሑድ የሰፈሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አጥሩ ላይ ተደረደረ። የቡላ ወሬ ተሰምቷልና ሁሉም ሊያይ ነው የመጣው። ቡላ ዘለለ፤ አጨበጨቡለት። አንድ ጎረምሳ ግን «ኧረ ጋሼ፣ ይኼንንማ የእናቴ ዶሮም ትዘለዋለች! ከፍ አድርገው እንጂ!» ብሎ ተረበው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ሳቁን አልቻለውም፤ አጣናውን አንሥቶ በደረቱ ትክክል ሰቀለው። በዚያ ግቢ አንድም ትልቅ ውሻ ያንን ያህል ዘልሎ አያውቅም።

እጁን አነሣ። ቡላ በረረ።

አጣናውን አልነካውም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ሰውየው ግን ሌላ ድምፅ ሰማ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው፣ ቀጭ የሚል። ቡላ ወድቆ ተነሣ። የፊት እግሩ እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ተንጠልጥሏል። አልጮኸም። በሦስት እግሩ እያነከሰ፣ ጭራውን እየቆላ ወደ ጌታው መጣ።

ጭብጨባው ቀጥ አለ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሰውየው ከድንጋጤው የተነሣ አንደበቱ ተያዘ፤ መርዶ እንደተነገረው ሰው ሁለት እጁን አንሥቶ ራሱን ያዘ።

ቡላ እጁ ሲነሣ አየ።

ዘወር አለ። ያንን እግር እያንጠለጠለ ተመልሶ ወደ አጣናው ሮጠ።

«ተው! ኧረ ያዙት! ተው!» ሰውየው አሁን ነው ድምፁ የወጣው። ማን ይድረስበት? ሊዘል ተነሣ፣ የቀረው እግሩ ከዳው፣ በአጣናው ሥር በደረቱ ተደፋ። ከተደፋበትም ሆኖ አንገቱን ወደ ሰውየው አቀና፤ «ጎሽ» እስኪባል ይጠብቃል።

ሰውየው አጠገቡ ተንበርክኮ አቀፈው። አጥሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ፣ እርስ በርስ ሳይተያይ ሄደ። ያ ጎረምሳም ሄደ። በኋላ ሐኪም እግሩን ጠገነለት፤ ቡላ ከሞት ተረፈ፣ እግሩ ግን እንደተወላገደ ቀረ። ሰውየው ስለዚያ ቀን አያወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚስቱ «አጣናውንማ መቼ ፈለገው? የፈለገው እኔን ነበር» ብሏታል።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ እኅቴ። ልጅሽ እንደዚያ ለጋ ውሻ ናት፤ ጾሙም አጣናው ነው። አጣናው ክፉ አይደለም፤ እኔና አንቺ በእግዚአብሔር ቸርነት ስንዘለው ኖረናል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ለሕፃን መሬት ላይ አስተኝታዋለች። ከፍ ያደረግነው እኛ ነን፤ ሰንበቴ ላይ «ይቺማ መልአክ ናት» እያልን ግንባሯን የምንስመው እኛ፣ አጥሩ ላይ የተደረደርነው።

ያለፈው ዓርብ ከቅዳሴው በፊት የቅጽሩን ግንብ ተደግፋ አየኋት። ከንፈሯ ዐመድ መስሏል። ልይዛት ስጠጋ አንቺ ዘወር አልሽ። ዓይንሽን ስታይ ከግንቡ ተላቃ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፈገግም አለችልሽ። ደነገጥኩ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

«ራሷ ናት የምትፈልገው» አትበዪኝ። የሚወድሽ ልጅ አንቺ ደስ ባለሽ ነገር ላይ «ደከመኝ» የሚልበት አፍ የለውም፤ ስለዚህ ደከማት የምትዪላት አንቺ ነሽ። ለእግዜር መስጠት ካማራት፣ ከምሳዋ ለጎረቤት ሕፃን ታካፍል፤ ማታ ካንቺ ጋር አቡነ ዘበሰማያት ትበል። ይኼን አጥንቷ ይችለዋል። ሌላው ሲደርስ ይደርሳል።

ነገ ጠዋት ቁርሷን አቅርቢላት። ታለቅስ ይሆናል፤ «እማዬ፣ ልጹም» ብላ ትለምንሽ ይሆናል። አትቆጫት። ጭንሽ ላይ አስቀምጫትና በእጅሽ እያጎረስሻት፣ «ብትበዪም ልጄ ነሽ፤ ብትበዪም እወድሻለሁ» በያት።