ሰባት ክረምት ያለፈው ቋጠሮ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች፣ ተረት ላወራችሁ ነው። ሳወራው ደሜ እንደሚፈላ ግን ከወዲሁ እወቁት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ በሚያርሱበት፣ ዕቃም እንደኛ በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ የጋራ ጎተራ ነበር። ጠባቂው ጦጣ ነው። ዘር የቸገረው አንድ ቁና ይበደራል፣ አዝመራው ሲገባ አንድ ቁና ይመልሳል። ከቀኑ ያሳለፈ ግን ከገላው ፀጉር ተነቅሎ ጎተራው ውስጥ በተሰቀለ ገመድ ላይ ይቋጠርበታል። ቋጠሮ ያለበት አንድ ተበድሮ ሁለት ይመልሳል። ሰባት ክረምት ሲያልፍ ቋጠሮው ይፈታል። ሕጉ ይኸው ነበር።

እትዬ ጃርት የልጆች እናት ናት። አንድ ዓመት እግሯ ተሰበረና ብድሯን ሃያ ቀን አሳልፋ መለሰች። መለሰች እኮ ነው የምላችሁ! ጦጣው ግን አንድ እሾህ ነቅሎ ቋጠረባት። እሷም ጥፋቴ ነው ብላ ቻለችው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ እየወሰደች ሁለት መለሰች፤ አንድም ቀን አላሳለፈችም። ያቺ ትርፍ ቁና የልጆቿ ቀለብ ነበረች።

በስምንተኛው ዓመት ክረምቱ ሲገባ መጣች።

«አያ ጦጣ፣ ዘንድሮስ አንድ ለአንድ ነው» አለች።

«ቋጠሮሽ ይኸው አለ፤ ሁለት ነው።»

«ጊዜው አልፏል እኮ!»

«ነገ ነይ።»

በማግስቱ መጣች። ቁናዋ ራሷ አፍ አውጥታ መሰከረችላት።

«ሰባት ዓመት በእኔ ሰፍራ መልሳለች፤ ከቀን አላሳለፈችም!»

«አንቺ የምትሰፍሪው እህል ነው፣ ቀን አይደለም» አላት ጦጣው። «ነገ ነይ።»

ወይ ነገ! በሦስተኛው ቀን እትዬ ጃርት እሾኋን አቁማ ገባች። ጦጣውን ትታ በቀጥታ ወደ ገመዱ ሄደች።

«አንተ ገመድ! የቋጠርከው ቀን ነው ወይስ ቂም?»

«እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ?» አለ ገመዱ። «ክረምት ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። እዚህ ከተሰቀልኩ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልነካኝም።»

ይሄኔ የጎተራው ክዳን ከላይ ጮኸ።

«ምን ይላል ይሄ! አንተ ደረቅ ሆነህ የምትተኛው እኔ ስለምመታልህ አይደለም እንዴ? ሰባቱ አልፈው ስምንተኛው ይኸው ጀርባዬ ላይ እየወረደ ነው!»

ጦጣው ራሱን አከከ። «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል» አለና ፈታው።

ረስቼው! እሷ ሃያ ቀን ብትዘገይ ሰባት ዓመት፤ እሱ ሲረሳ ራስ ማከክ!

እትዬ ጃርት አንድ ለአንድ ተሰፈረላት። ግን አልሄደችም። «የሌሎቹንስ?» አለች። ክዳኑ ክረምቱን፣ ቁናዋ ቋጠሮውን ቆጠሩ። ከአሥራ አንዱ ቋጠሮ ዘጠኙ ጊዜው አልፏል። በአንደኛው ውስጥ የሚዳቋ ፀጉር ነበር። ሚዳቋ አምና ሁለት መመለስ አቅቷት ልጆቿን ይዛ አገር ለቃ ሄዳለች።

«መጥታ ብትጠይቀኝ ኖሮ እፈታላት ነበር እኮ» አለ ጦጣው። አያፍርም!

እናንተም ልጆቼ፣ አሳልፋችሁ ከከፈላችሁ ቅጣቱን ቻሉት፤ እሱስ ደንብ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ግን ይፈቱልኛል ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ሄዳችሁ ቋጠሯችሁን በዓይናችሁ እዩት፤ ከቋጠሯችሁ ትርፏን ቁና የሚበላ ጦጣ ክረምት አይቆጥርላችሁም።