በእጅ የተጻፈው ቁጥር

በአንድ ወቅት፣ ክረምቱ ክፉ በነበረበት ዓመት፣ ከአንድ ግድብ በታች ላሉ መንደሮች የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም የሚሠሩ ሦስት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ስንዱ፣ አንዷለምና መክብብ። የግድቡ በር ሊከፈት ሲል ፕሮግራሙ የየመንደሩን ሳይረን ያስጮኻል። የተጻፈው ስካላ በሚባል የኮድ ቋንቋ ነው። የመንደሮቹን ዝርዝር የያዘውን ኮድ ግን ሰው አይጽፈውም፤ ፕሮግራሙን የሚገነባው መሣሪያ ራሱ ከሰንጠረዥ እያነበበ ይጽፈዋል። ኮዱ ያለበት ፋይል አናት ላይም «በእጅ አይነካ» ይላል።

በሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊከፈት፣ ጠዋት ላይ ጉድ ታየ። በቅርቡ የተመዘገበችው ወይራ ሜዳ የተባለች መንደር ሰንጠረዡ ላይ አለች፤ ኮዱ ውስጥ የለችም። ደግመው ገነቡ። አሁንም የለችም።

ስንዱ ጊዜ አላጠፋችም፤ ወይራ ሜዳ ደወለች። የመንደሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ አስካለ፣ «ሳይረኑማ ተቀይሯል እኮ፤ የሚደወልበት ቁጥርም ሌላ ነው» አሏት። ሰንጠረዡን ለማረም ደግሞ የሌላ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ስለዚህ የማይነካውን ፋይል ከፍታ የመንደሩን ስምና አዲሱን ቁጥር በእጇ ጻፈች፤ ከጎኑም «ይህ ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ የለም፤ እንዳይጠፋ» የሚል ማስታወሻ ተወች። ሞከረችው፤ ጮኸ። ወይራ ሜዳ ከነከብቱ ዳገት ወጣ፤ ሙከራ መሆኑን ሲሰማ ተሳድቦ ተመለሰ። እሷም ደብዳቤውን ልታስጽፍ ሄደች።

አንዷለም ምክንያቱን ሳያገኝ የሚተኛ ሰው አይደለም። ስንዱ ስሙን በእጇ እንደጨመረች ያውቃል፤ የቁጥሩን ነገር አልሰማም። ፈልጎ ፈልጎ አገኘው፤ ሰንጠረዡ ወደ ሌላ ፎልደር ተዛውሯል፣ መሣሪያው ግን የሚከታተለው የድሮውን ፎልደር ነው። ምንም የተለወጠ ነገር አላየምና አዲስ ኮድ አይጽፍም። አንዷለም ቦታውን አስተካከለ፤ አሮጌ ነገር እንዳያሳስተው መሣሪያው የጻፈውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ገነባ። ወይራ ሜዳ ብቅ አለች። ደስ አለው፤ ለምንስ አይበለው! የስንዱ ማስታወሻ ግን ከተጠረገው ፋይል ጋር ጠፍቷል፤ ቁጥሩም የድሮው ነው።

የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው መክብብ ነው።

«አንዴ እናስጩኸው?» አለው አንዷለም።

«ተው እንጂ! በቀን ሁለቴ ካሞኘናቸው፣ የእውነቱ ጊዜ ማን ይወጣል?»

መክብብ ዝርዝሩን ከፈተ፣ የመንደሩን ስም አየ፣ ፈቀደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። የወይራ ሜዳ ሳይረን ዝም አለ። የወይዘሮ አስካለ ባል፣ አቶ ግዛው፣ በሬዎቹን ሊያጠጡ ወንዝ ወርደው ነበር። ውሃው ወሰዳቸው።

በቀብሩ ማግስት ወይዘሮ አስካለ ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ካሳ አልጠየቅኩም። ሦስት ሆናችሁ መጥታችሁም እንዳትጠቋቆሙብኝ። አንድ ሰው ብቻ ላኩልኝ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ፣ በልጆቼ ፊት፣ ‹እኔ ነኝ› ይበለኝ።»

ድንኳኑ ነገ ይነሣል። ሦስቱም ጫማቸውን አጥልቀው የቢሯቸው በር ላይ ቆመዋል፤ አንዱም አልተንቀሳቀሰም። ዝም አትበሉኝ እንግዲህ፤ እናንተ ብትሆኑ ማንን ትልኩ ነበር?