ገመዱ የተሰካበት ካሜራ

አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ነበረ።

ቁጭ በል አሰግድ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ሚስቴ አታዋራኝም፤ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ልፍታት ወይ?» ነው ያልከኝ። እመልስልሃለሁ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ። አንተ ብቻ እስክጨርስ አፍህን ያዝልኝ።

የሰውየው እንጀራ ሠርግ ነበር። ሙሽራ ስትወጣ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ሚዜ ሲጨፍር ይቀርጻል። ምስል ላይ ጎበዝ ነው፤ ማንም አይደርስበትም። ድምፅ ግን ጉዳዩ አልነበረም። ቤቱ ገብቶ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ይጭንበታል፤ ባለ ሠርጎቹም ያንን እያዩ ይጨፍራሉ፤ ማን ምን አለ ብሎ የጠየቀው የለም። ከካሜራው ጎን አንድ ማይክ በገመድ ሰክቶ ነበር። አንዴ ከሰካው ወዲህ ነቅሎት አያውቅም።

በዚያ ከተማ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ «ኦፕራሲዮን እናደርግዎታለን፤ ነፍስዎ ትተርፋለች፤ ድምፅዎ ግን አይመለስም» አሏቸው። እኚህ ሰው ደግሞ በምርቃታቸው የታወቁ ናቸው፤ ሠርግም ማኅበርም ያለ እሳቸው አይጀመርም። ልጃቸው የመጀመሪያዋን አርግዛለች። የልጅ ልጃቸውን ሳይመርቁ ዝም ሊሉ ነው፤ ይህ ከበሽታው ይልቅ አንገበገባቸው። ልጅቱም «ግድ የለም አባባ፣ እናስቀርጸዋለን፤ ሲያድግ ከራስዎ አፍ ይሰማዋል» አለችና ቀራጩን ጠራችው። ሆስፒታል የሚገቡት በማግስቱ ነበር።

ቀራጩ መጣ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ምን ዓይነት ምርቃት መሰለህ! የሰማ ሁሉ ጸጉሩ ቆመ፤ ልጅቱ «አሜን፣ አሜን» እያለች አለቀሰች። ሲጨርሱ «እስቲ አሳየን» አሉት። ከፈተው። የሽማግሌው ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

ቀራጩ ደነገጠ። ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? «አባት፣ ድምፅዎ ደክሟል መሰለኝ፤ እስቲ ጠንከር አድርገው ይድገሙት።» ወይ ድፍረት! እሳቸውም እሺ ብለው ደገሙ። አሁንም የለም። ባትሪ ቀየረ፤ ካሴት ቀየረ፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ጭጭ። ማይኩን አፋቸው ድረስ አስጠግቶ «ጮኽ ይበሉልኝ» አለ። የታመመ ጉሮሮ ምን ያህል ይጮኻል? እየደጋገሙ ሲመርቁ ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ኋላም ሳል አጣደፋቸው። ልጅቱ ተነሥታ «በቃ! አባቴን ልትገድልብኝ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችበት።

ሰውየው አፈረ። ማዳመጫውን እንኳ ከጆሮው ሳያወርድ፣ ካሜራውንም ሳያጠፋ፣ ዕቃውን ሊሰበስብ ጎንበስ አለና የማይኩን ገመድ ነቀለ። ያን ጊዜ ጆሮው ውስጥ ሳል ሰማ። የሽማግሌው ሳል ነው። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ልጅቱ ስታለቅስ፣ ደጅ ዶሮ ሲጮኽ ሁሉንም አጥርቶ ሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ካሜራ የራሱ ጆሮ አለው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ነው። ሌላ ማይክ ሲሰኩበት ግን የራሱን ዘግቶ የተሰካበትን ብቻ ይሰማል። የተሰካው ደግሞ ገመዱ ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ሞቷል። ከመቼ ጀምሮ? እግዜር ይወቀው፤ ሰውየው ዘፈን ሲጭንበት ኖሯል።

እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ አባት፤ ጥፋቱ የድምፅዎ አልነበረም፤ የኔ ነው» አለ። ሽማግሌው መልስ ሊሰጡት ቢሞክሩ ያ ትልቁ ድምፅ ከድቷቸዋል። በእጃቸው «ቅረብ» አሉት። ካሜራውን አፋቸው ሥር ሲያስጠጋላቸው በሹክሹክታ መረቁ። «ልጄ፣ ሰው ሁን። እናትህን ስማ።» ሌላ አልቻሉም። ያቺው ምርቃት ተቀረጸች። ልጁ ዛሬ አድጎ ይሰማታል፤ አያቱ ሲመርቁ እንዴት ያለ ድምፅ እንደነበራቸው ግን አያውቅም፤ አያውቀውምም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ አሰግድ። ከመጣህ ጀምሮ ስለ ሚስትህ ስትነግረኝ «እህቴ ንቃሃለች አለችኝ፤ እህቴ ልቧ ሌላ ጋ ነው አለችኝ፤ እህቴ ተበድለሃል አለችኝ» ነው ያልከው። አንድ ጊዜ እንኳ «ሚስቴ እንዲህ አለችኝ» አላልክም። አንተ ሰው፣ ጆሮህ ላይ እህትህን ሰክተህ ሚስትህን ዝም አለች ትላታለህ? ካሜራው ደህና ነው፤ ሴትዮዋም ደህና ናት። እህትህን ጥላት አላልኩህም፤ ቤትህ ትምጣ፣ ትብላ፣ ትጠጣ፤ ከጆሮህ ግን ንቀላት። እኔ ሚስትህን አውቃታለሁ፤ ዝምተኛ አልነበረችም። ስትናገር አልሰማሃትም፤ ስትጮኽ አልሰማሃትም፤ አሁን የቀራት ሹክሹክታ ነው።

ስለ ፍቺ ዛሬ አትጠይቀኝ። ተነሥተህ ቤትህ ግባ፤ ከጎኗ ቁጭ በል፤ «ምን ሆነሻል?» በላት፤ ከዚያ በኋላ አንተ ዝም በል። ትነግርሃለች፤ ቅንጣት አልጠራጠርም። ብቻ ነገ ዛሬ አትበል፤ ሹክሹክታም ያልቃል።