ወንድ ናት የተባለች ጥንቸል

አንድ ሰው ነበረ፤ ጥንቸል ያረባ ነበር። ይርጋለም፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም። «ባልንጀራዬ የሰፋውን ካባ አምጥቶ እንዴት ነው ቢለኝ፣ ምንም ሳይጎድለው እጅጌው ጠበበ አልኩት። አልሰረቅሁ፣ አልመታሁ፤ በአንዲት ቃል ማንን ጎዳሁ?» ብለኸኛል። በቀጥታ ብመልስልህ ትከራከረኛለህ። ስለዚህ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖር ነበር። ሀብት የለውም፤ ሹመት የለውም። ያለው በጓሮው ከጣውላና ከወንፊት ሽቦ የሠራው የጥንቸል ቤት ነው። በዚያ ሰፈር ጥንቸል ያለው እሱ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ልጆቹን ይዞ ለማየት ይመጣል። እሱም አንዷን በጆሮዋ ሳይሆን በሁለት እጁ ደግፎ ያወጣና «እንዲህ ነው የምትያዘው» እያለ ያስተምራል። ወንዱን ከሴቷ የሚለይ፣ የረገዘችውን ካልረገዘችው የሚያውቅ እሱ ነው። «አዋቂው» ይሉት ነበር። ይህች ስም ከሚበላው እህል ይልቅ ታጠግበው ነበር።

ከዚያ ወንዱ ጥንቸል ሞተ። የቀረችው አንዲት ነጭ ሴት አረጀችና መውለድ አቆመች። እሑድ የሚመጣውም ሰው እያደር አነሰ።

ከዚህ ሰው ጋር አጥር ለአጥር የሚጎራበት አንድ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ በደህናው ዘመን የልምድ አዋላጅ ነበሩ፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋል። አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ደጅ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ።

አንድ ቀን ለኮርቻ ሰፊው ዘመዱ ከከተማ አንዲት አመድማ ጥንቸል በቅርጫት አመጣለት። «ወንድ ትሁን ሴት እኔ አላውቅም፤ ለእማማ መጫወቻ ትሁን» ብሎ ሄደ። ሰፈርተኛው ሁሉ በኮርቻ ሰፊው ደጅ ተሰበሰበ።

ሰውየው በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። ሲስቁ ሰማ። ያን ሳቅ ያውቀዋል፤ በእሱ ጓሮ ይሳቅ የነበረው ሳቅ ነው፤ አሁን አጥር ዘሎ ሄደ።

«ሴት ናት፤ ፊቷ ሴት ሴት ይላል» አለ አንዱ።

«ፊት ታይቶ የሚፈረድ ቢሆን አንተን ምን ሊሉህ ነው!» አለው በሰፈሩ ቀልደኛ የተባለው ሰው።

አሮጊቷ ጥንቸሏን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሆዷን ዳሰሱ። ጣቶቻቸው ቆም አሉ። «ይቺ ሴት ናት» አሉ። «ደግሞም ነፍሰ ጡር ናት።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ ሰው አይደለም» አለ ልጃቸው።

«ሆድ ሆድ ነው፣ ልጄ።»

ኮርቻ ሰፊው ግን እርግጡን ፈለገ። በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ «ጋሼ፣ እስቲ ብቅ ይበሉና ይዩልን፤ ከእርስዎ ወዲያ ማን ያውቃል?» ብሎ ተጣራ።

ሰውየው መጣ። ጥንቸሏን በክንዱ ላይ አንጋለለና ከጅራቷ ሥር በአውራ ጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ሴት ናት። ከዚያ ሆዷን ከሥር በሁለት ጣት ቀስ አድርጎ ዳሰሰ። የመቁጠሪያ ዶቃ የሚያክሉ ክብ ክብ ነገሮች በጣቶቹ መካከል ሸርተት አሉ። አምስት፤ አይ፣ ስድስት ናቸው። ስድስቱም አንድ በአንድ ልቡን ወጉት። መጪው እሑድ ታየው፤ ሰው ሁሉ እዚህ ደጅ፣ የእሱ ጓሮ ባዶ።

«ወንድ ነው» አለ።

«ሆዱስ?» አለ ኮርቻ ሰፊው።

«ጎመን ነፍቶት ነው።»

ሰው ሳቀ። «እማማ ጎመን ሊያዋልዱ ነበር!» አለ ቀልደኛው። ልጃቸውም አብሮ ሳቀ፤ ክፋት አልነበረውም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሁለት እጃቸውን ማየት የሚችሉ ይመስል ወደ ፊታቸው አቀረቧቸው። ከዚያ ነጠላቸው ውስጥ ከተቷቸው።

«እንግዲህ እጄም ዓይኔን ተከተለ» አሉ በዝግታ።

ሰውየው ሰምቷል። ግን አንዲት ቃል ናት፣ አርጅተዋል፣ ነገ ይረሱታል ብሎ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ኮርቻ ሰፊው ቅርጫቱን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ወንድ ከሆነ ለብቻው ምን ያደርጋል? የእርስዎም ነጯ ባሏ ሞቶባታል። ይኸው ይውሰዱት። የወለደች እንደሆነ ለእናቴ አንድ ይሰጡኛል» አለው። ቅን ሰው ነበር። ሰውየው አልወስድም ቢል ምን ምክንያት ይሰጣል? ተቀበለ። ሁለት ሴቶች እንደሚጣሉ ያውቃልና በመካከላቸው ጣውላ አቆመ።

ሦስተኛው ሳምንት ሳይሞላ አመድማዋ፣ መውለጃዋ የደረሰ ጥንቸል እንደምታደርገው፣ የደረቷን ጠጉር በአፏ እየነጨች ለልጆቿ መኝታ አነጠፈች። ስድስት ወለደች። ሰውየው ልጆቹን አንሥቶ ነጯ ዘንድ አስተኛቸው፤ ጠዋትና ማታ ግን ሰው ሳያይ ወደ እናታቸው እየመለሰ ያስጠባቸዋል። ከዚያም «ነጯ ወለደች!» ብሎ አስወራ። ጥንቸል ወር ሳይሞላት አትወልድም፤ ግን በስንት ቀን ወለደች ብሎ የጠየቀ የለም። አዋቂው እሱ ነዋ።

እሑድ ጓሮው ሞላ። «ድሮስ ከእርስዎ እጅ!» አሉት። የተመኘው ሁሉ ተመለሰለት፤ ግን አልጣመው አለ። ከሰው መካከል አሮጊቷን ፈለጋቸው፤ የሉም።

«እማማስ?» አለው ኮርቻ ሰፊውን።

«ተዉኝ እባክዎ፣ ጋሼ። የጎረቤት ልጅ ምጥ ቢጀምራት፣ ሆዷን ዳሰስ አድርጉልን ብለው መጥተው ነበር። እጄ መዋሸት ጀምሯል፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት ብለው መለሷቸው። እሷስ በሰላም ተገላገለች። እማዬ ግን ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ከነጠላ አያወጡም። የእሳቸው ጉርሻ ከቀረብን ሰነበተ።»

ሰውየው ያን ሳምንት አንድም ቀን በአጥሩ ቀዳዳ አላየም።

በሚቀጥለው እሑድ ኮርቻ ሰፊው እናቱን በክንዳቸው ደግፎ አመጣቸው፤ ቃል የተገባላቸውን የጥንቸል ልጅ ሊመርጡ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹን ቢያቀርቡላቸው «አንተው ምረጥ» አሉት ልጃቸውን። እሱም እናቱ እንዲጽናኑ ብሎ የጥንቸሉን ቤት ከፈተና አመድማዋን አወጣ። «እማዬ፣ ይኸው የድሮ ወዳጅዎ» ብሎ ጭናቸው ላይ አኖራት።

ጥንቸሏ አፍንጫዋን ነጠላው ውስጥ አስገብታ እጃቸውን ነካች። እሳቸውም ሳያስቡት ዳሰሷት። ጣቶቻቸው ደረቷ ላይ ሲደርሱ ጠጉር የለም፤ ተነጭቷል። ዝቅ ቢሉ ጡቶቿ አግተዋል። ጣቶቹ እንደዚያን ቀን ቆም አሉ።

ሰውየው፣ ዐወቁ፤ አሁን ያዋርዱኛል ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን ወደ ጥንቸሏ ጆሮ ጎንበስ አሉና አራስ ቤት የገባ ሰው እንደሚለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

ጓሮው በሳቅ ተናጋ። «ወንዱን እኮ ነው፣ እማማ!» አለ ቀልደኛው። «አራስ አባት! ገንፎ እናገንፋለት እንዴ?» ኮርቻ ሰፊው አፍሮ አጎነበሰ። አሮጊቷ አልተከራከሩም። እጆቻቸው ወደ ነጠላው መመለስ ጀመሩ።

ሰውየው እነዚያን እጆች አያቸው። ዝም ቢል ስሙም፣ እሑዱም፣ ስድስቱም ልጆች የእሱ ናቸው። ዝም ቢል ግን እነዚያ እጆች ሁለተኛ አይወጡም። ሄዶ በጉልበቱ ወደቀና እጆቻቸውን ከነጠላው ጫፍ ላይ ያዛቸው።

«እጅዎ አልዋሸም፣ እማማ» አለ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሴት ናት። ያን ዕለትም ነፍሰ ጡር ነበረች። አውቄ ነው፤ ቀንቼ ነው።»

የሳቀ የለም። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ኮርቻ ሰፊው ጥንቸሏን ከነስድስት ልጆቿ ቅርጫት ውስጥ አደረገ። ከዚያ ቀን በኋላ «አዋቂው» ብሎ የጠራው አልነበረም።

አሮጊቷ በልጃቸው ተደግፈው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ያን ጊዜ በእጅህ ስንት አገኘህ?» አሉት።

«ስድስት።»

«እኔም በልቤ ስድስት ነበር ያልኩ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

እንግዲህ ይርጋለም፣ ማንን ጎዳሁ አልከኝ። ያ ሰው ዓይኑ ኮርቻ ሰፊው ላይ ነበር፤ ቃሉ ግን እሱን አልፋ ከአጠገቡ የተቀመጡትን እናት መታች። ቀናተኛ አንዱን አይቶ ይወረውራል፤ ድንጋዩ የሚያርፍበትን ግን አይመርጥም። ባልንጀራህ ያን ካባ ይዞ ቤቱ ገብቷል። ልኩን ያስተማረው ማን ነው? አብሮት የቆረጠውስ? አንተ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። ምናልባት ዛሬ በአንተ ቃል መቀሱን ያስቀመጠ አንድ ሽማግሌ ይኖራል። የዚያችን ጥንቸል እውነት መውለዷ ገለጠው። ካባ ግን አይወልድም፤ ያንተን ውሸት ካንተ በቀር የሚያወጣው የለም።

ሳይመሽ ሂድ። እጅጌው ልክ ነው በለው።