ለልደት የተነዳ በሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ የልደት ቀን ሲመጣ አገር የሚያበላ።»

አባ ላእከ ነገሩን የጀመሩት በዚህ ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው የንስሐ ልጃቸው በፈቃዱ ልብስ ሰፊ ነው። ልደት በደረሰ ቁጥር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለሚኖሩ ድሆች ልብስ እየሰፋ ሲያለብስ ብዙ ዓመት ኖሯል። ዘንድሮ ግን ሱቁ ተቃጥሎ ጨርቁ ሁሉ ዐመድ ሆነ። ከእሳቱ የተረፈችው የስፌት መኪናው ብቻ ናት። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ወደ አባ መጣና፣ «አባ፣ መኪናዋን ሽጬ እንደ ልማዴ ላልብሳቸው ወይስ ታምሜያለሁ ብዬ ከቤቴ ልቅር? ባዶ እጄን መጥቼ እነሱን የማይበት ዐይን የለኝም» ብሎ ጠየቃቸው።

አባ መልሱን በታሪክ ጀመሩለት። በቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተደላደሉና ታሪኩን እንዲህ ቀጠሉ።

ይህ ገበሬ ደግ ሰው ነበረ። ማሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ይደርሳል፤ በረቱም ሙሉ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ሚስቱ ጠላ ትጠነስሳለች፤ እሱ ከከብቶቹ መካከል የሰባውን በሬ ይመርጣል። በልደት ጠዋት ቅዳሴው ሲያልቅ በግቢው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ቁርበትና ሰሌን ይነጠፋል። ዐይነ ስውሩ፣ እግሩ የማይሄድለት፣ ባሏ የሞተባት፣ መንገድ የመሸበት እንግዳ፣ ካህናቱም ሕዝቡም በአንድነት ይቀመጣሉ። እሱ ግን አይቀመጥም። ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ «ለዚህ ወጥ ጨምሩለት፤ ለእሷ ጠላ ቅዱላት» እያለ ሲመላለስ ይውላል። የመጨረሻው ሰው በልቶ፣ መርቆት እስኪሄድ ድረስ እህል ባፉ አይዞርም።

ይህ ምንም ክፋት የለበትም። ሰውም ይወደው ነበር። ነገር ግን ሳይታወቀው በልቡ አንድ ሐሳብ በቅሎ ነበር። በዚያ ደብር ልደት የሚከበረው በእሱ በሬ እንደሆነ ያምን ነበር። ሌላውም ሰው ይህንኑ አምኖ ተቀምጧል። አያ ንጋቱ ያደርጉታል እየተባለ፣ ለልደት ማዕድ ከቤቱ አንዲት ዳቦ ይዞ የሚመጣ አልነበረም። አያ ንጋቱ የዚያ ገበሬ ስም ነው።

አንድ ዓመት፣ እህሉ ገና ሲያሸት፣ በረዶ ወረደ። ጠዋት እሸት የነበረው ማሳ ማታ ላይ ጭቃ ሆነ። ገበሬው «እግዜር ያመጣው ነው፣ ከብቶቼ አሉ» ብሎ ተጽናና። ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገባ። በየቀኑ ከበረቱ አንድ እየጎተቱ ማውጣት ሆነ። በሽታው ከአገር ሲወጣ ለአያ ንጋቱ የቀረው አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ወጣት በሬ። ጎረቤቱም እንደዚሁ አንድ በሬ ቀርቶት ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ ሁለቱን በሬዎች አንድ ላይ ጠምደው በየተራ ሊያርሱ ተስማሙ። የሁለት ቤት ቀለብ በዚያ በሬ ጫንቃ ላይ ነው ማለት ነው።

ጾመ ገና ገባ። አያ ንጋቱ ከሰው መራቅ ጀመረ። ቅዳሴ ሲመጣ ከሁሉም ኋላ ይመጣል፤ ሳይሰናበቱ ቀድሞ ይወጣል። በደጁ የተቀመጡት ድሆች እንደ ወትሮው ሰላም ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሰላምታቸው ሁሉ፣ «ዘንድሮስ?» የሚል ይመስለዋል። ማንም ግን እንዲህ አላለውም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በሬውን ከበረት ሲያወጣ ሚስቱ አየችው።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ቤተ ክርስቲያን። ነገ ልደት አይደለም እንዴ?»

«ይህን አርደህ ክረምት ሲገባ በምን ልታርስ ነው? እኛስ ይሁን፤ ጎረቤታችን ምን አደረገህ?»

«ታዲያ ድሆቹ ደጁ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ዝም ብዬ ልቅር?»

«ያሳሰበህ የእነሱ ረኀብ ነው ወይስ የሰው አፍ?» አለችው።

ገመዱን ጨብጦ ሄደ። እሷም በሩ ላይ ቆማ፣ ከዐይኗ እስኪሰወር ድረስ በሬውን ተመለከተችው።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ጥጥ እየፈተለችና ሰው የሰጣትን እየተቀበለች የምትኖር ሴት ናት፤ አንድ እግሯ ስለማይታጠፍ በበትር ነው የምትሄደው። ገበሬው በሬውን እየነዳ ሲመጣ ከሩቅ አይታ ከተቀመጠችበት ተነሣች። በሩ ላይ ሲደርስ ገመዱን ያዘችበት።

«አያ ንጋቱ፣ ይህን ወዴት ይወስዱታል?»

«የዓመት ልማዴ አይደለም? ለነገ ነው።»

«ከዚህ ሌላ በበረትዎ የቀረ አለ?»

ገበሬው ዐይኑን ወደ በሬው መለሰ።

«የለም። አገር የሚያውቀውን እኔ አላጣውም» አለች። «ይህ በሬ ከታረደ ቤትዎ መፈታቱ ነው። የልጆችዎን የዓመት ቀለብ በልተን በዓሉ በዓል የሚሆንልን ይመስልዎታል?»

«ልቀቂኝ፣ ደብሪቱ። በጌታ ልደት ባዶ እጄን ከዚህ ግቢ አልገባም።»

«እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ባዶ እጄን ነው የምገባው። አንድ ቀን እንኳ አሳፍረውኝ ያውቃሉ?»

ገበሬው ደነገጠ። «እኔ? አንቺን? መቼ!»

«አላሳፈሩኝም። ታዲያ እኛ እናሳፍርዎታለን ብለው ለምን ጠረጠሩን?»

በደጁ የተቀመጡት ሁሉ ያዳምጡ ነበር። በሬው ብቻ ጆሮውን እያራገበ ዝንብ ይከላከላል። ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሲጠሩን ‹የኔ ቢጤ› ይሉናል። እንዲህ ብለው የሚጠሩን ከልብዎ ከሆነ፣ ነገ ይምጡና አጠገባችን ይቀመጡ። ከልብዎ ካልሆነ ደግሞ ይኸው፣ በሬዎን ይረዱት።» ይህን ብላ የያዘችውን ገመድ ለቀቀችለት።

አሁን ገመዱን የያዘው እሱ ብቻ ነበር። መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚከለክለው የለም። አያ ንጋቱ ወደ ግቢው አየ፤ ወደ በሬው አየ፤ ከዚያ የእነዚያን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አየ። በየዓመቱ ሲመግባቸው የኖረ ሰው፣ እንዲህ ፊት ለፊት አይቷቸው አያውቅም ነበር። የሚጠይቅ ፊት አላገኘም። የሚያዝንለት ፊት አገኘ።

ገመዱ ከእጁ ወደቀ። እዚያው ከድሆቹ መካከል አፈሩ ላይ ተቀመጠ። ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ አድርጎ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ አለቀሰ። ጎረቤቱ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ እያለከለከ ሲደርስ በሬው በሕይወት ቆሟል። ገመዱን አነሣና ወደ ቤት ነዳው።

አያ ንጋቱ ዐይኑን በነጠላው ጠረገና፣ «ነገ ግን ድሆቹ ምን ሊበሉ ነው?» አለ።

ደብሪቱ ሳቀች። «ድሆቹ እኛ ነን እኮ! የምንበላውን እኛ እናውቃለን፤ እርስዎ ብቻ አይቅሩ።»

ለካስ ጾሙ ከገባ ጀምሮ፣ አያ ንጋቱ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ በነበረበት ጊዜ ሁሉ፣ እሷ በበትሯ እያነከሰች ከቤት ወደ ቤት ትዞር ነበር። ለራሷ አልለመነችም። «ዘንድሮ ለልደት የምንደግሰው ሁላችን ነን፤ ከቤትሽ ምን ይወጣል?» እያለች ነበር የምትዞረው። አንዷ ዳቦ እጋግራለሁ አለች፤ ሌላዋ ሽሮ፣ ሌላዋ ጌሾ ሰጠች። የሰንበቴው ማኅበርተኞች ተነጋግረው አንድ በግ አዋጡ። ሸክላ ሠሪዎቹ የሚሰጡት እህል ቢያጡ አዲስ ድስትና እንስራ ይዘው መጡ። ድሆቹ ራሳቸው ከሚሰጣቸው እየቀነሱ ያጠራቀሙትን ባቄላ አቀረቡ። ለገበሬው አስቀድመው ያልነገሩት ግን እንዴት ብለው እንደሚነግሩት ስላላወቁ ነው። የሚሰጥን ሰው «ዘንድሮ እኛ እንስጥህ» ማለት ይከብዳል።

ጠዋት ቅዳሴው አለቀ፤ እንኳን አደረሳችሁ ተባባሉ፤ ቁርበቱና ሰሌኑ ተነጠፈ። አያ ንጋቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። መጣ እንጂ ልማዱ አልለቀቀውም፤ ሳያስበው ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ጠላ ወደሚቀዳበት ሄደ። ሴቶቹ እየሳቁ መለሱት። አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ድምፁን ሰማና አጠገቡ ያለውን ቁርበት በእጁ መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ይቀመጡ፣ አያ ንጋቱ። ሲያበሉኝ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ድምፅዎን ግን ሁልጊዜ ከራሴ በላይ ነው የምሰማው። ዛሬ ከጎኔ ልስማው።»

ተቀመጠ። ሽማግሌው ከፊቱ ካለው ጠቅልሎ ሊያጎርሰው እጁን ዘረጋ። አፉን ሲፈልግ አፍንጫውን አገኘ፤ ከዚያ ጢሙን። «አያ፣ አፍዎን ወዴት ደበቁት?» ሲል በዙሪያው የነበሩት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ገበሬውም ሳቀ፤ ሲስቅ አፉ ተከፈተና ጎረሰ። በረዶው ከወረደ ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ የበጉ ሥጋ ለሁሉም አልደረሰም። ለብዙው ሰው የደረሰው ሽሮና ባቄላ ነው፤ ጠላውም ቀጠን ያለ ነበር። ግን ከዚያ ግቢ ተርቦ የሄደ አልነበረም፤ ከሰዓት በኋላም ወጣቶቹ ወደ ሜዳው ወርደው የገና ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ሽማግሌዎቹ ዳር ተቀምጠው ሲፈርዱ፣ አያ ንጋቱ እንደ ልጅ እየጮኸ ነበር አሉ። በክረምቱ ሁለቱ ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን ጠምደው አረሱ፤ እህሉም ደህና ሆነ። ከዓመታት በኋላ በረቱ እንደገና ሲሞላ አንዳንድ ልደት በሬ ያመጣል፤ በአንዳንዱ ደግሞ አንድ ቁና ሽንብራ ይዞ ይመጣል። ሌላውም ያለውን ይዞ መምጣቱን አልተወም። የደብሩ ልደት ከዚያ ወዲህ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም።

አባ ላእከ ታሪኩን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ በፈቃዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ገበሬ አንተ ነህ። በሬው ደግሞ የስፌት መኪናህ ነው። እሷን ሸጠህ ብታለብሳቸው ለአንድ ቀን አልብሰሃቸው ለዓመት ከእነሱ ጋር ደጅ ልትቀመጥ ነው፤ ልጆችህም እንደዚያው። ታምሜያለሁ ብለህ ብትቀር ደግሞ ይጠይቁህ ዘንድ ሁሉም ቤትህ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ በምን ፊት ታያቸዋለህ? እነሱ ለልብስ ሲሉ ብቻ የወደዱህ መስሎሃል። እንዲህ ማሰብ እነሱን መናቅ ነው፤ አንተ አላወቅኸውም እንጂ።

«ደግሞ የምናከብረው የማንን ቀን እንደሆነ አስብ። ሰማይና ምድርን የፈጠረው ጌታ በዚያ ቀን የሰው በረት ውስጥ ተኛ። እናቱ በጨርቅ ጠቀለለችው፤ እንስሳቱ ትንፋሻቸውን ሰጡት፤ እረኞቹ መጥተው አዩት። እኔ ሰጪ ነኝ፣ አልቀበልም አላለም። አንተስ ከእሱ በልጠህ ነው መቀበል የሚያሳፍርህ?»

«ልብሱንስ ምን ላድርገው? ብርድ ነው፣ አባ» አለ በፈቃዱ።

«የሰንበት ተማሪዎቹ ከየቤቱ እየሰበሰቡ ነው። አንዳንዱ ክንዱ የተቀደደ፣ አንዳንዱ ቁልፍ የሌለው ነው። በዓሉ ሲያልፍ በመኪናህ ትጠግንላቸዋለህ። አየህ፣ ብትሸጣት ኖሮ ማን ይሰፋው ነበር?»

ሱቁ ከተቃጠለ ጀምሮ የተጨማደደው ፊቱ ፈታ አለ። በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኖ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ የአባን መስቀል ተሳለመ። ጥቂት ተራምዶ ግን ልማድ ነውና ተመለሰ።

«አባ፣ ታዲያ በልደት ቀን ምን ይዤ ልምጣ?»

«እጅህን ታጥበህ ና» አሉት።