የአያ አንበሶ የመጨረሻ ግሳት

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን!» በሉኝ እንጂ፣ ምን ያፈዛችኋል! እሺ፣ ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ አያ አንበሶ የሚባል ሽማግሌ አንበሳ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ምሽት ምሽት ያገሳል፤ ጅቦችም ይሰሙና ወደ ሸለቆው ድርሽ አይሉም። ሚዳቋም ጥንቸልም ልጆቻቸውን አቅፈው ይተኛሉ። «ታዲያ አንበሳው ምን ይበላ ነበር?» እንዳትሉኝ፤ ተረት ነው።

አንድ ቀን አያ አንበሶ ሁሉንም ሰበሰበና፣ «ልጆቼ፣ ደረቴ ደክሟል። ሁለት ግሳት ቢቀረኝ ነው» አለ።

ሸለቆው ተንጫጫ። እመት ጦጢት ግን «እኔ እያለሁ!» ብላ ብድግ አለች። ተመራማሪዎች ትተውት የሄዱት በፀሐይ የሚሠራ ኮምፒውተር ነበራት፤ ከነማይክራፎኑ፣ ከነድምፅ ማጉያው። «ድምፃቸውን እንቀዳለን። እሳቸው ባይኖሩም ምሽት ምሽት እናሰማለን» አለች።

ማይክራፎኑ ሥር ሁለት መብራቶች ነበሩ። ድምፅ ሲገባ አረንጓዴው ይበራል፤ ድምፁ ከልክ ሲያልፍ ቀዩ ይበራል።

«አባታችን፣ እስቲ ለሙከራ አንድ ነገር ይበሉ» አለች ጦጢት።

አያ አንበሶ ይሉኝታ ያጠቃዋል። እንግዳ ዕቃ ፊት መጮህ ነውር መሰለውና ቀስ ብሎ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አለ።

«አነሰ!» አለች ጦጢት። የማይክራፎኑን ድምፅ መቆጣጠሪያ ከፍ አደረገችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አንበሶ፣ ከፊተኛውም ቀስ ብሎ።

«አሁንም አነሰ!» ከፍ አደረገችው።

«እህ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ከፍ አደረገችው፤ እስከ ጥግ።

ቀዩ መብራት ተጨነቀ። «ኧረ እመት ጦጢት፣ ለግሳቱም ቦታ ተዪለት! ጮክ ብለው እንኳ ይናገሩ በያቸው።»

«ትልቅ ሰው ጩህ ይባላል? አታፍርም?» አለችው። ሁሉም «ነውር ነው!» አሉ።

አያ አንበሶ አገሳ። ቀዩ ቦግ አለ። ቅጂው ሲከፈት ግን አቡጀዴ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ወጣ፤ ጨርርር!

ከኮረብታው ማዶ ጅቦች ሳቁ። «ሽማግሌው አበቃለት! እንውረድ!»

ጦጢት ደንግጣ ቅጂውን ዝቅ ብታደርገው፣ ዝቅ ብሎ ጨርርር አለ እንጂ አልተስተካከለም። ጅቦቹ መውረድ ጀመሩ። ጥንቸል ልጆቿን ጉድጓድ ከተተች። ሚዳቋ ግን ልጇን የምትከትበት አጣች።

«አንዲት ቀርታኛለች» አለ አያ አንበሶ፣ ለመነሳት እየታገለ።

ጦጢት ወደ ቀዩ መብራት ዞረች። «ምን ላድርግ?»

«መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጊው። አሁንም ዝቅ። አሁንም።»

«አንሶ ቢቀርስ?»

«ያነሰውን ኋላ ታጎዪዋለሽ። የተቀደደውን ግን ማንም አይሰፋልሽም።»

ጅቦቹ ሸለቆው ውስጥ ካለው ወንዝ ደረሱ። ጦጢት መቆጣጠሪያውን ዝቅ አደረገችው። አያ አንበሶ አገሳ! ጅቦቹ እየተራገጡ ተመለሱ። ቀዩ መብራት አልበራም። አያ አንበሶ ጋደም አለ፤ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ምሽት ጅቦች ሬሳውን ፍለጋ መጡ። ጦጢት ቅጂውን አጉልታ ከፈተችው። ሸለቆው ተናወጠ፤ ጅቦቹ ጅራታቸውን ወትፈው ፈረጠጡ። የአያ አንበሶ ሚስት ብቻ እየሮጠች መጣች። ድምፅ ማጉያውን አሸተተችው፤ ዞረችው፤ ከኋላውም ፈለገች። ባሏን ስታጣ እዚያው አጠገቡ ተኛች። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ቦታ ተኝታ አታውቅም።

ተረቴ አለቀ። እናንተም ልጆቼ፣ ሰውን በሹክሹክታው አትለኩት፤ ለግሳቱም ቦታ ተዉለት።