ቢጫው ቀሚስ እንዲለበስ

ተረቴን ስሙኝ፤ ካስለቀስኳችሁ ግን አትውቀሱኝ።

በፍኖተ ሰላም ትርንጎ የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ የመሰናበቻ ጭፈራ አላቸው። ሀብታም ትምህርት ቤት ቢሆን ፕሮም ተብሎ በሆቴል ይደረጋል፤ የእነሱ ግን እዚያው ክፍላቸው ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ይጠጋሉ፣ አንዱ ቆሎ ያመጣል፣ ሌላዋ አምባሻ፣ ሌላው ከአጎቱ ሱቅ ስፒከር ይዋሳል። ትርንጎም ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቢጫ ቀሚስ አግኝታ፣ የተተረተረ ብብቱን በእጇ ሰፍታ፣ መተኮሻ ስለሌላት ከፍራሽ ሥር አስተኝታዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ለብሳ መጨፈር።

ግን ጥቁር ለብሳለች። ወንድሟ አዝመራው ሞቷል። ሙት ዓመቱ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ከቤተሰቡ ግን ደፍሮ ጥቁሩን ያወለቀ የለም።

«እማዬ፣ ላውልቅ?» አለች አንገቷን ደፍታ።

«እኔ እናቱ ሳላወልቅ? እኔስ ብሆን የአባትሽ እህት ሳታወልቅ? ‹እናት ተብዬዋ ቸኮለች› ትበለኝ?»

ትርንጎ ወደ አክስቷ ወደ እቴቴ የንጉሴ ሄደች። «እቴቴ፣ አንቺ ካላወለቅሽ እማዬ አታወልቅም፤ እማዬ ካላወለቀች እኔ አላወልቅም፤ እኔ ካላወለቅሁ ቢጫው ቀሚስ አይለበስም።»

እቴቴ ምስር ትለቅም ነበር። «አንቺ፣ ዘፈን አማረሽ?» አለቻት። ቀጥሎ ድምጿ ለስለስ አለ። «እኔንም ከብዶኛል። ግን የክርስትና አባቱ ጋሽ ደረበ ጢማቸውን ሳይላጩ፣ እኔ የሥጋ ዘመዱ አጊጬ ልውጣ?»

ጋሽ ደረበ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጆንያ ይሰፋሉ፤ ጢማቸው ደረታቸው ደርሷል። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልተላጩ እቴቴ አታወልቅም፤ እቴቴ ካላወለቀች እማዬ አታወልቅም፤ እማዬ ካላወለቀች እኔ አላወልቅም፤ እኔ ካላወለቅሁ ቢጫው ቀሚስ አይለበስም።»

«ይኼን ጢም ወድጄው መሰለሽ? ሾርባ እንኳ አላስጠጣ አለኝ! ግን የሚላጨኝ አዝመራው ነበር። ከይስማው ጋር የከፈቱት ጸጉር ቤት ውስጥ ወንበሩ እንዳለ አለ፤ ይስማው በነጠላ ሸፍኖታል፣ ማንንም አያስቀምጥበትም። ሌላ ቤት ሄጄ ብላጭ ልጄን የከዳሁት ይመስለኛል።»

ትርንጎ ጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ለመግባት ጊዜ ወሰደባት። «ይስማው፣ አንተ ነጠላውን ካላነሣህ ጋሽ ደረበ አይላጩም፤ ጋሽ ደረበ ካልተላጩ እቴቴ አታወልቅም፤ እቴቴ ካላወለቀች እማዬ አታወልቅም፤ እማዬ ካላወለቀች እኔ አላወልቅም፤ እኔ ካላወለቅሁ ቢጫው ቀሚስ አይለበስም።»

ይስማው መቀሱን አስቀመጠ። «ጠዋት ጠዋት ላነሣው እጄን እዘረጋና እመልሳለሁ። አንቺን እኮ ነው የምጠብቅ።»

«እኔን?»

«ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በዚህ በር ታልፊያለሽ፤ አንድ ቀን ዞር ብለሽ አላየሽም። እህቱ በጥቁር ተሸፋፍና ፊቷን እያዞረች፣ እኔ ወንበሩን ለሌላ ሰው ልስጥ?»

ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች። ይስማው እሷን ይጠብቃል፤ ጋሽ ደረበ ይስማውን፤ እቴቴ ጋሽ ደረበን፤ እማዬ እቴቴን፤ እሷም እማዬን። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲጠባበቁ ኖረዋል።

ትርንጎ ጥቁር ሻሿን ፈታች።

ሻሹ ሲፈታ ይስማው ነጠላውን አነሣ፤ ነጠላው ሲነሣ ጋሽ ደረበ ተላጩ፤ ጋሽ ደረበ ሲላጩ እቴቴ አወለቀች፤ እቴቴ ስታወልቅ እማዬ አወለቀች።

እማዬ ግን ጥቁሩን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ ይዛው ቀረች። «በቃ፣ አሁን ሞተ ማለት ነው?» አለች። ከዚያ ብድግ አለችና የቢጫውን ቀሚስ ቁልፎች ከትርንጎ ጀርባ አንድ በአንድ ቆለፈችላት። «ሂጂ ልጄ። እስኪመሽ እንዳትቆዪ።»

ክፍላቸው ውስጥ ስፒከሩ ተንኮሻኮሸ፣ አምባሻው ለሁሉም ደረሰ፣ ትርንጎም ትከሻዋን እየመታች ጨፈረች። ጓደኛዋ አበቡ «ይቺ ዓይነ አፋር! የት ደብቀሽው ነበር?» እያለች አጨበጨበችላት። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ትርንጎ ድንገት ቆመች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዝመራውን አንዴም አላሰበችውም ነበር። ከሞተ ወዲህ ይኼን ያህል ረስታው አታውቅም።

ወደ ግድግዳው ዞራ በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለቻት አበቡ።

«ምንም» አለች።

ሌላ ዘፈን ተጀመረ። ትርንጎ እንባዋን ጠርጋ ተመልሳ ጭፈራው ውስጥ ገባች። እኔም ተረቴን እዚህ ላይ አቆምኩ፤ እሷ ትጨፍር።